ፀሐይን የበተነው ሰው

አቃቂ ቃሊቲ ያደገ ሰው የቆርቆሮ ቤት ጠባይ አይጠፋውም። ጠዋት ጠዋት በሚስማር ቀዳዳ የምትገባው ጨረር አቧራውን እያሳየች ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ልጅ ሳለሁ አሮጌ ሲዲ ስደቅንባት ግድግዳው የቀስተ ደመና ቀለም ይለብስ ነበር። ይሄንኑ በሌላ መሣሪያ የሠራ ሰው እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። አይዛክ ኒውተን ይባላል። (ፖሟን ለዛሬ እንተዋት።)

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1642 እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ ሲወለድ አባቱ ሞተው ነበር። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሌላ አግብተው ሄዱና ለአያቱ ተዉት። በ1661 ካምብሪጅ ሲገባም ሀብታም ተማሪዎችን እያገለገለ ነው የተማረው። በ1665 ወረርሽኝ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ ቤቱ ተመለሰ። 22 ዓመቱ ነበር። እኛንም ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ቤት አስቀምጦን ነበር፤ እኔ በበኩሌ ከእንቅልፍ በቀር የሠራሁት ትዝ አይለኝም።

እሱ ግን በእነዚያ ዓመታት ገደማ መስኮቱን ዘግቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ የገባውን ብርሃን ፕሪዝም በሚባለው ባለ ሦስት ጎን መስተዋት አሳለፈው። ቀለማት ግድግዳው ላይ ተዘረጉ። ያኔ ቀለሙን የሚሰጠው መስተዋቱ ነው ይባል ነበር። ኒውተን አንዱን ቀለም ብቻ ለይቶ በሁለተኛ ፕሪዝም ቢያሳልፈው ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ቀለማቱ ድሮውንም ብርሃኑ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

በ1672 ይህንን ሲያወጣ ሮበርት ሁክ የተባለው ሳይንቲስት ነቀፈው። ኒውተን ደግሞ ትችት የሚችል ሰው አልነበረም፤ ጋዜጠኛ ቢሆን ኖሮ ከኤዲተሩ ጋር አንድ ሳምንት አይቆይም። ኦፕቲክስ የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው ሁክ በ1703 ከሞተ በኋላ፣ በ1704 ነው። ይሄን አልወድለትም። በዚያው ሰሞን ሰባት መስተዋቶች አገጣጥሞ ፀሐይን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብ መሣሪያ ለሮያል ሶሳይቲ አሳየ። በ1727 አረፈ።

መበተንና መሰብሰብ፤ የዛሬው አንዳንድ ሶላር የሚሠራባቸው ሁለቱም እነዚህ ናቸው። አንድ ሴል ሁሉንም ቀለም እኩል አይጠቀምም። ከቀይ ወዲያ ካለው የማይታይ ብርሃን ከፊሉ ጉልበት አንሶት ያመልጣል፣ የሰማያዊው ትርፍ ጉልበት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ለየቀለሙ የሚስማማ ንብርብር ይሠራና ብርሃኑ በሌንስ ይሰበሰብለታል። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባለ አራት ንብርብር ሴል ላይ 665 ጊዜ በተሰበሰበ ብርሃን 47.6 በመቶ አግኝቷል። ጣራ ላይ የምናየው ፓኔል 20 በመቶ አካባቢ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር በሻማ ለሚያጠና ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ችግሩ፣ ሌንሱ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ደመና ሲመጣ ይሰንፋል። የአቃቂ ሐምሌ አይሆነውም። ከጥቅምት ወዲህ ግን እንጃ፣ ይሞከር።