ጄኔራል ታደሰ ብሩና የነፃነት ትርጉም

ከአዲስ አበባ በእንጦጦ በኩል ሱሉልታን አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ሰላሌ ያደርሳል። ጄኔራል ታደሰ ብሩ የተወለዱት በዚያ አገር ነው። በፖሊስ ሠራዊት አድገው የፈጥኖ ደራሽ አዛዥ ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መኰንኖች መንግሥት ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጐን ቆሙ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ፈልገው በመጡ ጊዜም፣ ከቡራዩ በማይርቀው በኮልፌ ሠፈር ከተቀበሏቸው መኰንኖች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ ይህን ያህል የታመነ ሰው ስለ ምን ታሰረ?

በጥር 1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቋቋመ። ቱለማ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የሚኖረው፣ ሜጫ ደግሞ ከዚያ ወደ ምዕራብ ያለው የኦሮሞ ወገን ነው። ማኅበሩ የተነሣው ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት ነበር። ጄኔራሉ ቈይተው ገቡና ዋና መሪው ሆኑ፤ የሚሰበሰበውም ሕዝብ በዛ። ስለ ትምህርት ቤት ለመነጋገር የተሰበሰበ ሕዝብ ስለ መሬቱና ስለ እኩልነቱ መነጋገሩ አልቀረም።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን በሕግ በተወሰነው መሠረት ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን የሕጉም የፍርዱም የመጨረሻ ሥልጣን ከዙፋኑ አይወጣም ነበር። በ1959 ዓ.ም. በሲኒማ ኢትዮጵያ ቦምብ ሲፈነዳ መንግሥት ጥፋቱን በማኅበሩ ሰዎች ላይ ጣለ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ ማኅበሩም ታገደ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በስቅላት ሞቱ፤ በጄኔራሉ ላይ የተፈረደው ሞት ግን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ መጣ። ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ከባለርስቶች የሚነጥቀውን አዋጅ አወጣ፤ በመጋቢት ደግሞ ሸፍተው የተያዙትን ጄኔራል ታደሰን ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሣ ጋር ረሸነ።

እነዚህ ሁለት መንግሥታት በብዙ ነገር ጠላቶች ነበሩ፤ በአንድ ነገር ግን ተስማሙ። ይኸውም ነፃነት ገዢው ለተገዢው እየመጠነ የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚነሣው ነው ማለታቸው ነው። ጄኔራሉ በ1953 ዓ.ም. ዙፋኑን አዳኑ፤ እሳቸውን ከዙፋኑም ሆነ ከደርግ የሚያድን፣ ከሁለቱም በላይ የሆነ ሕግ ግን አልነበረም።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ስለ ነፃነት ስንከራከር ምን ተፈቀደ ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ የሚከለክለው ማን ነው፣ በከልካዩስ ላይ የሚፈርድ ማን ነው ብለን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ ለአገር ብቻ ሳይሆን ለገዛ ማኅበራችንም የሚጠቅም ነው።