ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በአገራቸው ባዕድ የተባሉ ሊቅ

በለቡ መብራት ኃይልም ሆነ በሌላው ሰፈራችን ካቶሊክነት የፈረንጅ ሃይማኖት ነው ሲባል እንሰማለን። አባባሉ የቆየ ታሪክ አለው፤ ስለዚህ ሸክሙን በሥጋቸው የተሸከሙትን የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ቢጠፋም ከትምህርት አልተገቱም፤ በመርጡለ ማርያም መነኮሱ፣ በጎንደርም ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ ሆኑ። ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ እንኳ ከእርሳቸው ይማሩ ነበር።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞች ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ሄዱ። መሪያቸው አባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። ከግብጽ አቡነ ሰላማ ተሾመው መጡ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን እስከ ሮም ተጓዙ። ከብዙ ምርምር በኋላ በ1844 በዓድዋ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ ከአባ ያቆቢስም ጋር ትምህርተ ክርስቶስን አዘጋጁ። አዲሱን እምነታቸውን ያስተማሩት በአባቶቻቸው ቋንቋ ነበር።

ታዲያ ባዕድ ያሰኛቸው ምን ነበር? ነገሩ ከዐፄ ሱስንዮስ ይጀምራል። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን ከገለጹ በኋላ እምነቱን በመንግሥት ኃይል ሊጭኑ ሞከሩ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። ይህን መሸሸግ አይገባንም። በ1632 አሮጌው ሃይማኖት በአዋጅ ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ከዚያ ወዲህ ካቶሊክ የሚለው ስም ከወራሪ ስም ጋር ተቈራኘ።

ደጃዝማች ካሣም በዘመነ መሳፍንት የተበታተነችውን አገር በአንድ ዙፋንና በአንድ ሃይማኖት ለማሰር ተነሡ። በ1854 ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ የተፈቀደው ትምህርትም አንድ ብቻ ሆነ። የታዘዙት ካቶሊኮች ብቻ አልነበሩም፤ የሦስት ልደት ሊቃውንትም ትምህርታቸውን እንዲተዉ ተገደዱ። አባ ያቆቢስ ከአገር ተባረሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ከአራት ባልንጀሮቻቸው ጋር በጎንደር ታሰሩ። ልብ በሉ፤ ከሳሹ ጳጳስ ግብጻዊ፣ ተከሳሹ ጎጃሜ ነበሩ። ዘመድና ባዕድ የሚለየው በትውልድ ሳይሆን በዙፋኑ ፈቃድ ሆነ።

ካሣ በየካቲት 1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በአባ ገብረ ሚካኤል ላይ ሞት ተፈረደ፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ ማለዱላቸው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የስድሳ አራት ዓመቱ ሽማግሌ በሰንሰለት ታስረው ከዘመተው ጦር ጋር ተጎተቱ። በዚያው ክረምት በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ጠባቂዎቻቸው በዛፍ ሥር ቀበሯቸው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በኦክቶበር 3 ቀን 1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ።