ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ ከርዕሰ መምህርት ወንበር እስከ ምክር ቤት

በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የምናነሳው የራሳችንን ዘመን ነው። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ብዙዎቻችን ስማቸውን ብቻ ስለምናውቃቸው ሴት ልጻፍ አልኩ።

ስንዱ በጥር 1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ፣ ጎንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ በምትዳርበት ዘመን እሳቸው ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ስንዱም ፈረንሳይኛ ተምረውና ሥነ ጽሑፍ አጥንተው፣ ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ተመለሱ፤ አስተማሪም ሆኑ።

ጣሊያን ሲገባ ስንዱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄደው ቁስለኛ በማስታመም አገለገሉ። ከጥቁር አንበሶች አርበኞችም ጋር ተሰለፉ። ሐኪም ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ከሕይወታቸው ሁሉ ልቤን የሚነካው ይኼ ክፍል ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማረች ወጣት መድኃኒትና ፋሻ በሌለበት ቁስል ስታጥብ አስቡት። በመጨረሻ በጠላት እጅ ወደቁ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋን ተከትሎ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ጣሊያን በግዞት ሲወሰዱ፣ ስንዱም ሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነፃነት በኋላ ወደ ማስተማሩ ተመለሱ። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርዕሰ መምህርትም ሆኑ። እዚያ አስተዳደር ብቻ አልነበረም ሥራቸው፤ ተውኔት እየጻፉ ልጃገረዶቹን መድረክ ላይ ያወጡ ነበር። ግጥሞቻቸውና ተውኔቶቻቸው የተሰበሰቡበት «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ታተመ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያቺ ጥቂት ቁጥር እንድትበዛ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃን የምትጨርስ ልጅ መኖር ነበረባት። የስንዱ ድካም እዚያ ላይ ነበር።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ ሲፈቅድ፣ ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ፓርቲ የለም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ደግሞ ከምክር ቤቱ በላይ ነው። ወንበሩ ክብር ነበረው፣ ጉልበቱ ግን የተወሰነ ነበር።

ገደቡን ለማየት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ መመልከት ይበቃል። ሴት እንደራሴ ባለችበት ዘመን የወጣው ይህ ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው። ባልና ሚስትን እኩል ያደረገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ አርባ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ሕጉ ተቀይሮም ልማዱ ገና አልለቀቀንም። ዛሬም አልፎ አልፎ ለራሷ ኦፕራሲዮን ለመፈረም ባሏ እስኪመጣ የምትጠብቅ ታካሚ ትገጥመኛለች። አእምሮዋ ደህና ነው፣ ዕድሜዋም ሞልቷል፤ ፊርማው የእሷ ነው። ይህን ለተማሪዎቻችን ማስተማር ያለብን እኛ ነን።

ወይዘሮ ስንዱ በኋላ በቦን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል። ያረፉት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ነው። የመነን ምሩቃን ከእሳቸው በኋላ አስተማሪም፣ ነርስም፣ ዳኛም ሆነዋል። አንድ ሰው በአንድ ወንበር ብቻውን አገር አይለውጥም፤ ወንበሩን የሚሞሉ ልጆች ካሳደገ ግን ሥራው ይቀጥላል። ከመካከላችን ለምታስተምሩ ሁሉ፣ ብርታቱን ይስጣችሁ።