እንዶድን ከወንዝ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ ያደረሱት ዶክተር አክሊሉ ለማ

ስማቸው ከእንዶድ ጋር ተጣምሮ የሚነሳው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያገለገሉ ሲሆን፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መስርተዋል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በማጥናት ላይ ሳሉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳርቻ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ከአጣቢዎቹ በአንዷ የእንዶድ አረፋ ሲያስጨምሩባቸው ወዲያው ሞቱ። ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ፍሬ መሆኑ ነው እንግዲህ።

አስቸጋሪው ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነበር። ገዳዩ ንጥረ ነገር ሳፖኒን መሆኑ ቢታወቅም፣ የሚገኘው መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ ፍሬው ብስለትና እንደ አወጣጡ ይለያያል። ዶክተር አክሊሉ ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ባካሄዱት ጥናት ቡታኖል በተባለው አልኮል ማውጣት ኃይሉን እንደሚጨምር አረጋግጠው እ.ኤ.አ. በ1972 አሳትመዋል። ተለይተው ከታወቁት ሳፖኒኖች መካከልም ለማቶክሲን የተሰኘው በስማቸው ተጠርቷል።

በሌሎች ተመራማሪዎች ቆይቶ የተደረሰበት ግኝት ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ደረቁ ፍሬ ተፈጭቶ በውሃ ሲዘፈዘፍ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ደካማውን ሳፖኒን ወደ ገዳይነት ይለውጠዋል። ከመነሻው በሜታኖል ብቻ ከተዘፈዘፈ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆምና የሚገኘው ጭማቂ ቀንድ አውጣን የመግደል አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። እናቶች በውሃ መዘፍዘፋቸው ትክክለኛው መንገድ ነበር ማለት ነው።

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደ ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ገደማ፣ በሕጻናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከብዙ ዝርያዎች መካከል ኃይለኛውን ቁጥር 44 መርጠዋል።

ይሁንና እንዶድ በስፋት ጥቅም ላይ አልዋለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተካሄደ የመርዛማነት ምርመራ እንዲቀርብለት በመጠየቁ ዓመታት አለፉ፤ ምርመራው በካናዳ ድጋፍ እስኪከናወን ድረስም ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ዋነኛ መከላከያ ሆኖ ነበር። እንዶድ ዓሣንም የሚገድል በመሆኑ ጥንቃቄ መሻቱ አይካድም፤ ሆኖም ኬሚካል ከውጭ መግዛት ለማይችል ገበሬ በደጁ የበቀለ አማራጭ መዘግየቱ የሚያስቆጭ ነው።

ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም ያገለገሉት ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ያረፉ ሲሆን፣ የመሰረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።