የኮርቻ ሰሪው ልጅ ነጥቦች

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ምክር ፈልጎ ደወለልኝ። ዳባት ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ጎንደር ከተማ ቢሮ የሚሠራ ዓይነ ስውር ነው። ብር ቆጥቧል፣ ብሬል ዲስፕሌይ ሊገዛ ነው፣ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ የትኛው እንደሚያዋጣ እንዳሰላለት ፈለገ። (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሁሉ የዕቃ ዋጋ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። እሺ ይሁን።)

ለማታውቁት፣ ብሬል ዲስፕሌይ ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ፊቱ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ከቀዳዳዎቹ ነጥቦች ብቅ ጥልቅ እያሉ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣት ያስነብባሉ። መስመሩ ሲያልቅ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ነጥቦቹ ተቀይረው ቀጣዩ ይመጣል። ዋጋው ግን አይጣል ነው፤ ባለ 40 ሴሉ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ዋጋ ላወዳድር ተቀምጬ ሳላስበው የሰውየውን ታሪክ ሳነብ አነጋሁ። ነጥቦቹን የፈጠረውን ማለቴ ነው፤ ሉዊ ብሬልን። ሁላችንም ስሙን እንጠራዋለን፣ ሰው መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሉዊ የተወለደው በጃንዋሪ 1809 ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኝ ኩቭሬ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ሲሞን ሬኔ ኮርቻና ልጓም ይሠራ ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው አባቱን አይቶ ቆዳ ሊበሳ ወስፌ አነሳ። ያው መሶብ የምንሰፋበት ዓይነት ወስፌ፣ እኛም ቤት ያለው። አዳልጦት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ወደ ሌላኛውም ዓይን ተሻገረ። አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው ጭራሽ አያይም ነበር።

እዚህ ላይ ቤተሰቡን አለማድነቅ አይቻልም። ያኔ ማየት የተሳነው የድሃ ልጅ ዕጣው በአብዛኛው ልመና ነበር። አባቱ ግን በትር ሠራለት፣ መንገዱን እንዲለማመድ አደረገው። የመንደሩ ቄስ አስተማረው፣ ከዚያ ከሚያዩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ገባ። ሰምቶ በቃሉ ይይዝ ነበር። በእኛም አብነት ትምህርት ቤቶች ዳዊቱንና ቅኔውን በጆሮ የዘለቁ ዓይነ ስውራን እንዳሉ ጎንደሬ ያውቃል። ችግሩ ሰምቶ መያዝ ላይ አልነበረም። ማንበብና መጻፉ ላይ ነበር።

በ1819፣ አሥር ዓመቱ ላይ፣ ፓሪስ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ተቋም ነፃ ትምህርት አገኘ። ሕንፃው እርጥበት የበዛበት አሮጌ ቤት ነው። መጻሕፍት ግን ነበሩ። የተቋሙ መሥራች ቫላንታን አዩዊ የተለመደውን የላቲን ፊደል ወረቀት ላይ በትልቁ አስነስቶ በጣት እንዲነካ አድርጎ ነበር። ጎበዝ ሐሳብ ነው፣ ግን ከሚያይ ሰው የመጣ ሐሳብ ነው። ለዓይን ያምራል፣ ለጣት ግን ቀርፋፋ ነው። ተማሪው አንዱን ፊደል ዙሪያውን ዳስሶ እስኪጨርስ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ይረሳዋል። መጽሐፉም ከባድ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በዚህ መንገድ ተማሪው ራሱ መጻፍ አይችልም። ማስታወሻ የለ፣ ደብዳቤ የለ።

በ1821 ቻርልስ ባርቢዬ የሚባል የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን በጨለማ የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ ይዞ ወደ ተቋሙ መጣ። ነጥብ መሆኑ ትልቅ ነገር ነበር፣ ጣት ነጥብን ከመስመር በተሻለ ይለያል። ግን ሁለት ጣጣ ነበረው። አንደኛ፣ አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚይዝ ከጣት ጫፍ በላይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሚጽፈው ድምፅን እንጂ ፊደልን አይደለም፤ ሥርዓተ ነጥብም የለውም። ባርቢዬ ለዓይነ ስውራን ይህ ይበቃል ብሎ ያምን ነበር። የ12 ዓመቱ ሉዊ አይበቃም ብሎ አመነ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል፣ ሌሊትና የዕረፍት ጊዜውን፣ ወረቀት በመብሳት አሳለፈ። መሣሪያው ሹል ብረት ነው፤ ዓይኑን ካጠፋው ወስፌ ብዙም የማይለይ። በ1824፣ ገና 15 ዓመቱ ሳለ፣ ጨረሰው። 12ቱን ነጥብ ወደ 6 አወረደው፤ በሁለት ዓምድ ሦስት ሦስት። ጣት ሳይንቀሳቀስ በአንድ ንክኪ ይይዘዋል። ከስድስት ነጥብ 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ለፊደሉም፣ ለቁጥሩም፣ ለሥርዓተ ነጥቡም ይበቃል። በ1829 ያሳተመው መጽሐፍ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማንም በነጥብ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ያሳያል። እሱ ራሱ ፓሪስ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር። በዜማ ምልክት ያደገ የጎንደር ደብተራ ይህን ቶሎ ይረዳዋል።

አሁን ዓለም ያጨበጨበለት ይመስላችኋል። እንዴት ተደርጎ! በዚያው ተቋም መምህር ሆነ፣ ተማሪዎቹ ነጥቡን ወደዱት፣ ተቋሙ ግን በይፋ አልተቀበለውም። በ1840 የተሾመው ዳይሬክተር ዱፎ ጭራሽ ከለከለው። በስኮትላንድና በአሜሪካ የሚሠራበትን ሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል አመጣ፣ የድሮዎቹንም መጻሕፍት አቃጠለ ይባላል። ሰበቡ የሚያዩና የማያዩ ሰዎች አንድ ፊደል ይጠቀሙ የሚል ነበር። እኔ በትምህርቴ ዓይን ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር ይታየኛል። መጻሕፍቱ ላይ ብር ፈሷል፣ የሚያዩት አስተማሪዎች አዲሱን ነጥብ መማር ይከብዳቸዋል። የወጣ ገንዘብ ላይ ሙጭጭ ማለት የሚባለው ይኸው ነው። ተማሪዎቹ ግን እየተደበቁ እርስ በርስ መጻጻፋቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ምክትሉ ጓዴ ዱፎን አሳመነው። በ1844 አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ ነጥቦቹ በሕዝብ ፊት ታዩ።

ሉዊ ራሱ የፊደሉን ክርክር ንቆ አልተወውም፤ ይህ ነው ለእኔ ትልቁ ነገር። በ1839 የላቲን ፊደልን ቅርጽ በነጥብ የሚሠራ ሌላ ዘዴ አወጣ። ዓይነ ስውር ለሚያይ ሰው ደብዳቤ እንዲጽፍበት ነው። ፒየር ፉኮ የሚባል ዓይነ ስውር ጓደኛው ደግሞ ይህን የሚጽፍ ባለ ቁልፍ ማሽን ሠራ። ስለዚህ ሁለት መሣሪያ ነበረው፣ አንዱ ለራሱ፣ ሌላው ከሰው ጋር ለመግባባት።

ከሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር። በጃንዋሪ 1852፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን አረፈ። ሳይከፈት ይቃጠል ያለው ሳጥን እንደነበረው ይተረካል። ጓደኞቹ ከፍተው ሲያዩት ተማሪዎች የተበደሩትን ገንዘብ የሚመዘግቡ ወረቀቶች ነበሩ፤ ዕዳቸውን ሊሰርዝላቸው ነው የፈለገው። ተቋሙ ነጥቦቹን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፣ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ። በ1952 አፅሙ ፓሪስ ወደሚገኘው ፓንቴዮን ሲዛወር እጆቹ ኩቭሬ ቀሩ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስልኩ እያነበበለት ለምን ይህን ሁሉ ብር እንደሚያወጣ ነበር። ቶክባክ ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ኤንቪዲኤ ነፃ ነው። አሁን ሳስበው የባርቢዬን ስህተት ነበር የደገምኩት፤ ድምፅ ይበቃል ማለቴ እኮ ነው። እሱ ደብዳቤ አርቃቂ ነው። ሠ ይሁን ሰ፣ ሀ ይሁን ሐ በጆሮ አይለይም። ስብሰባ ላይ ደግሞ አንድ ጆሮው ስልኩ ጋ ከሆነ አለቃው የሚለው ያመልጠዋል።

የሚቀጥለው ጥያቄ ስፋቱ ነው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ምክር ብቻ አንብቦ መግዛት ያሳስታል። በአማርኛ ብሬል አብዛኛው ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፍ ሁለት ሴል ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 20 ሴሉ ላይ ጥቂት ቃል ብቻ ነው የሚወጣው፤ እንደ አልተመዘገበም ያለ ቃል ከግማሹ በላይ ይበላል። ለቢሮ ረጅም ሰነድ 40ው ይሻላል። ለቤት፣ ለቴሌግራም፣ ደባርቅ ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ለማስቀመጥ ግን 20ው ይመቻል፣ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል። ርካሾቹ ነጥቦችን ሲቀይሩ ቀርፋፋና ድምፅ ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለስብሰባ ይህም ይታሰባል። አቧራና ቅባት ደግሞ የሁሉም ጠላት ነው፣ ወጥ በበላ እጅ አይነካም።

የአማርኛው ጉዳይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ላይ ያልቃል። ኤንቪዲኤ ጽሑፍን ወደ ብሬል የሚቀይረው በነፃ በሚሰራጭ ፕሮግራም ነው፣ የግዕዝ ፊደል ሠንጠረዥም አለው። ስሙ ሊብሉዊ ነው፤ ለሉዊ ክብር የወጣ ስም።

ጓደኛዬ ሉዊ ሁለት መሣሪያ የፈለገበትን ነገር በአንድ ሊጨርሰው ነው፤ እሱ ነጥቡን ሲዳስስ አለቃው ስክሪኑን ያያል። 20 ወይስ 40 የሚለው ግን ገና አልተወሰነም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ባለ 40 ሴል አለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሄዶ ሁለት ቀን ሊነካው ነው። የእኔን ስሌት ጠረጴዛ ላይ ትቶት ነው የሚሄደው።