ያኮቡስ ሄንሪኩስ ቫንት ሆፍ (1852–1911)

ኬሚስቱ ያኮቡስ ሄንሪኩስ ቫንት ሆፍ እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1852 በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ።

በዘመኑ ሞለኪውሎች በወረቀት ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ይሳሉ ነበር። ሆኖም አተሞቻቸውም ሆነ የአተሞቻቸው ትስስር አንድ የሆኑ ሁለት ውህዶች፣ አንዱ ፖላራይዝድ ብርሃንን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚያዞሩበት ምክንያት በዚህ ሥዕል ሊገለጽ አልቻለም። ቫንት ሆፍ በ1874፣ በ22 ዓመታቸው፣ በአነስተኛ ጽሑፍ መልሱን አቀረቡ። የካርቦን አራት ትስስሮች ወደ አንድ ቴትራሄድሮን አራት ማዕዘናት ይዘረጋሉ፤ የተያያዙት አራቱ ነገሮች የተለያዩ ከሆኑም እንደ ቀኝና ግራ እጅ ተደራርበው የማይገጥሙ ሁለት ቅርጾች ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ለ ቤልም በዚያው ዓመት ለብቻቸው ከዚሁ ሐሳብ ደርሰዋል።

በ1877 ዝነኛው ጀርመናዊ ኬሚስት ሄርማን ኮልበ ሐሳቡን ከንቱ ቅዠት ሲሉ በጽሑፍ አጣጣሉት፤ ወጣቱ በኡትሬክት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር በመሆናቸውም ተሳለቁ። ቫንት ሆፍ በቀጣዩ ዓመት በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ የመክፈቻ ንግግራቸውን ርዕስ ምናብ በሳይንስ ውስጥ ያለው ስፍራ አደረጉት። የበርካታ ሳይንቲስቶችን የሕይወት ታሪክ መርምረው፣ ብዙዎቹ የጥበብ ዝንባሌ እንደነበራቸው አሳዩ።

ቀጥሎም ከቅርጽ ወደ ለውጥ ተሻገሩ። በ1884 ባሳተሙት መጽሐፍ የኬሚካላዊ ለውጥን ፍጥነትና ሚዛን፣ ሙቀትም በእነዚህ ላይ ያለውን ተጽዕኖ በሂሳብ ቀመር ገለጹ። ተማሪዎች ዛሬም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለሚሄድ ለውጥ የሚጠቀሙበትን ጥንድ ቀስት ያስተዋወቁት እርሳቸው ናቸው።

በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሚገርመው፣ ሽልማቱ የተሰጣቸው ለኬሚካላዊ ለውጥና ለኦስሞቲክ ግፊት ሕጎች እንጂ ለካርቦኑ ቴትራሄድሮን አልነበረም። ማርች 1 ቀን 1911 በርሊን አቅራቢያ አረፉ።