ብሩስ፣ ፈረሱና ያልተጠራው ጓደኛ

ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ በእጁ ከመንካቱ በፊት ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወድቋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነበር፤ በእኛ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል። መንገድ መሪው ከኮረብታው ላይ ሆኖ ረግረጉን በጣቱ ሲያሳየው ሰውዬው መታገስ አቃተው። ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ሮጠ። የአገሬው ሰዎች በጫማ ወደ ምንጩ መቅረብን አይፈቅዱም ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በባዶ እግር ነው የሚገባው። ቁልቁለቱ ሥራቸው እንደ ሽንኩርት ድቡልቡል በሆኑ አበቦች ተሸፍኗል። ሲረግጧቸው ልጣቸው ይላጥና ያንሸራትታል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ገደማ የሆነ፣ ጸጉረ ቀይ ስኮትላንዳዊ በዚያ ላይ ሲንከባለል አስቡት።

የደምበጫ ልጅ ነኝ። ከእኛ ከተማ ወደ ግሽ ለመሄድ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፎ እስከ ቲሊሊ መድረስ፣ ከዚያ ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ ሰከላ መውጣት ነው። ያን ያህል ቅርብ ሆኖ ስለ ብሩስ ተማሪ ቤት የሰማሁት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ የዓባይን ምንጭ ያገኘ እንግሊዛዊ። ሁለት ስህተት ያለው መስመር እኮ ነው! ሰውዬው ስኮትላንዳዊ ነው፤ ምንጩም ጠፍቶ አያውቅም።

አሁን ጥቅምት በመጣ ቁጥር የሃይኪንግ ቡድኖች ፎቶ ስልኬን ያጨናንቀዋል። ደስ ይለኛል። ግን ከእናንተ በፊት በዚያ መንገድ የሄደው በጣም ታዋቂው ሰው ማን እንደነበረ፣ አብሮት ማን እንደሄደም ማወቁ አይከፋም።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ኪኔርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተችበት። ሕግ ጀምሮ ተወው። በ1754 አገባ፤ ሚስቱ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ታማ አረፈች። ከዚያ በኋላ ቤት የሚያስቀምጠው ነገር የጠፋ ይመስላል። ዓረብኛ ያዘ፣ ግዕዝ ጀመረ። አባቱ ሲሞት ርስቱን ወረሰ፤ ከርስቱ ሥር የድንጋይ ከሰል ነበር፣ ከሰሉንም ካሮን የሚባለው የብረት ፋብሪካ ይገዛው ነበር። የጉዞው ስንቅ ከዚያ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። አልጀርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1769 ምጽዋ ገባ፣ በቀጣዩ ዓመት የካቲት አካባቢ ጎንደር ደረሰ።

ጎንደር የዳነው በሐኪምነቱ ነው። ፈንጣጣ ቤተ መንግሥቱን አዳርሶት ነበርና የታላላቆቹን ልጆች አስታመመ። ያጉቤ እያሉ ይጠሩት ጀመር፣ ያዕቆብ ለማለት ነው። ወይዘሮ አስቴር ወዳጁ ሆነች። ያ ሁሉ ሥልጣን በእጁ የነበረው ባሏ ራስ ሚካኤል ስሑልም ታገሠው። ንጉሡ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ብሩስ አማርኛ ይናገራል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ይተኩሳል። በዚያ ዘመን ጎንደር ለመወደድ ይኼ ይበቃል።

በመጀመሪያው ሙከራ፣ በግንቦት፣ ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ ጭስ ዓባይን አየና በጦርነቱ ምክንያት ተመለሰ። ሁለተኛው ጉዞ ግን የእኛን አገር ሰው የሚመለከት ነው። ምክንያቱም ወደ ግሽ የሚወስደው መንገድ ሁሉ በዳሞቱ ፋሲል እጅ ነበር። ፋሲል መቀመጫው ቡሬ በኩል ሲሆን በዚያን ጊዜ ግን ከጣና ደቡብ ምዕራብ ሰፍሮ ነበር። ብሩስ ሊለምነው ሄደ። ፋሲል አላከበረውም፤ ነጭ ሰው ለዚህ አገር የሚሆን ጉልበት የለውም በሚል አሾፈበት። ብሩስ በንዴት ነስር እስኪነስረው ድረስ ተቆጣ።

በማግሥቱ ነገሩ ተገለበጠ። የማይገራ ፈረስ አቀረቡለት፤ ያን ፈረስ እስኪደክም ጋልቦ መለሰው። የሚበሩ ወፎችን በጥይት ጣለ። ፋሲል ወዲያው ልቡ ራራ። ስጦታውም እስካሁን ያስገርመኛል፦ የራሱን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው፣ ግን እንዳትቀመጥበት አለው። ፊት ፊትህ ንዳው፤ የእኔን ፈረስ ያየ የዚህ አገር ሰው አይነካህም ማለቱ ነው። ጋላቢ የሌለው ፈረስ ፊት ፊት እየሄደ፣ ብሩስና ሰዎቹ ከኋላ እየተከተሉ ያን የሚያስፈራ አገር በሰላም አለፉ። ሰው ፈረሱን እያየ መንገድ ይለቅ ነበር። የዛሬ ፓስፖርት ይህን ያህል አይከበርም፣ እውነቴን ነው።

እኔም ባለፈው ጥቅምት ከአክስቴ ልጅ ጋር ከግሽ ዓባይ ከተማ ተነስተን በግልገል ዓባይ ዳር ቁልቁል ተጉዘን ነበር። ሎኬሽን መላክ ብሎ ነገር የለም፤ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። መንገዱ የገበያተኛና የአህያ መንገድ ነው። ውሃው እዚያ ላይ ገና ልጅ ነው፣ በአንድ እርምጃ ትሻገሩታላችሁ። ሜዳ የሚመስለው ሣር ግን ያታልላል፤ ከሥሩ ውሃ ነው። አንድ አባት አይተውን የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁን፤ ከደምበጫ መምጣታችንን ስንነግራቸው ሥራቸውን ትተው በዱላቸው መሬቱን እየነኩ ረግረጉን አሻገሩን። እሳቸው የረገጡበትን ብቻ ነበር የምንረግጠው።

ብሩስን የመራው ሰው ወልዶ ይባላል። ግሽ ላይ የተቀበለው ደግሞ ክፍለ ዓባይ የሚባል አረጋዊ ነው፤ የወንዙ አገልጋይ፣ ሥራውን ከአባቶቹ የወረሰ አገው። ረግረጉ መሀል እንደ መሠዊያ የተደለደለ የሣር መደብ ነበር፣ ውሃው ከዚያ ይፈልቃል። ብሩስ የኮኮናት ቅርፊት ዋንጫውን ሞልቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። አብሮት የነበረ ግሪካዊንም ጠጣ አለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አይጠብቅም፤ አዘነ። ነገሥታት በሠራዊት ያልደረሱበት ነው ብሎ ሲመኘው የኖረው ነገር አሁን እግሩ ሥር ያለ ትንሽ ምንጭ ሆነ። ፊቱ ያለው ደግሞ ወደ አገሩ የሚመልሰው ክፉ መንገድ ብቻ ነበር። የተራራ ጫፍ ወጥታችሁ ፎቶውን ካነሳችሁ በኋላ የሚሰማችሁን ባዶነት የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ደግሞስ የመጀመሪያው መቼ ሆነና! ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በ1618 ይህንኑ ምንጭ አይቶ ጽፏል፤ ከብሩስ 152 ዓመት በፊት። አቡነ ዘርዓ ብሩክም አሉ። በአካባቢው ትውፊት ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው ሲመለሱ ሳይርሱ ተቀብለዋል፤ ግሽ የሚለው ስምም ወንዙን መልስ፣ አውጣ ባሉበት ቃል ነው ይባላል። ብሩስ ይህን ሁሉ እያወቀ ፓኤዝ እዚያ አልደረሰም ብሎ ገጽ በገጽ ተከራከረ። ሥራዬ ብሎ የሌላውን ዱካ ማጥፋት ያዘ።

እዚህ ላይ ነው ከብሩስ ጋር የምጣላው። ፓኤዝስ የሞተና የሩቅ ሰው ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን አብሮት የበላ፣ አብሮት የታመመ ነው። የቦሎኛ ልጅ፣ ሠዓሊ፤ ብሩስ ቀጥሮት ሰሜን አፍሪካን ሲዞር አብሮት ዞረ፤ ምጽዋም፣ ጎንደርም፣ ግሽም አብሮት ነበር። ዕፅዋትና አእዋፍ ይሥላል፣ የየቀኑን የአየር ጠባይ ይመዘግባል። በ1771 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ሞተ። ብሩስ መጽሐፉን ሲጽፍ የባሉጋኒን ሞት ወደ ኋላ ገፋው፤ ወደ ግሽ ሲሄዱ በሕይወት እንዳልነበረ አስመሰለ። በኋላ የብሩስን ወረቀቶች ያገላበጡ ሰዎች ግን የባሉጋኒን የእጅ ጽሑፍ አገኙ፦ የዚያው የግሽ ጉዞ ማስታወሻ፣ በጣልያንኛ። ግሪካዊው ከዋንጫው ሲጠጣ በመጽሐፉ አለ፤ ሠዓሊው የለም። በእናንተ ቋንቋ፣ ጓደኛውን ታግ አለማድረግ ብቻ ሳይሆን ከፎቶው ቆርጦ ማውጣት ነው።

እንዲህም ሆኖ ሰውዬውን ጠልቼ መጨረስ አልችልም። በ1771 ማለቂያ ከጎንደር ወጥቶ በሰናር፣ በበረሃው አድርጎ አስዋን ሲደርስ በሕይወት የመትረፍ ያህል ነበር። በጭነቱ ውስጥ የግዕዝ መጻሕፍት ነበሩ። ከነሱ መካከል 3 የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አሉ። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነውና አውሮፓ ያን መጽሐፍ ያገኘችው ከእኛ ደብሮች ነው ማለት ነው። አንዱ ፓሪስ ቀረ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው በ1821 ነው።

በ1774 ለንደን ሲገባ ጀግና መሆኑን ጠብቆ ነበር። ሳቁበት! ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ቢል ማን ይመነው? በቁሟ ካለች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ይህኛውን እኔም በጥርጣሬ ነው የማነበው። የዘመኑ ታላቅ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ራሱ ጎንደር መድረሱን ተጠራጠረ። ያጨት ሴትም እሱ ሲጠፋባት ለሮም ባላባት ተድራ ጠበቀችው፤ ሮም ድረስ ሄዶ ባልየውን ይቅርታ በል ብሎ አፋጠጠው። የባሉጋኒን እውነት የደበቀ ሰው የራሱን እውነት የሚያምንለት አጣ። ተኮርፎ አገሩ ገባ፤ እንደገና አግብቶ ወለደ፤ ሁለተኛ ሚስቱም ቀደመችው። ከዚያ ነው የመጻፍ ነገር የመጣለት። 5ቱ ቅጾች በ1790 ታተሙ።

በዚያው ዓመት ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ ሌላ ነገር ተመረቀ። የፎርዝና ክላይድ ቦይ ይባላል፤ ከካሮን ወንዝ አፍ ተነስቶ ስኮትላንድን ከባሕር ወደ ባሕር የሚያቋርጥ፣ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ የተቆፈረ የጀልባ መንገድ። ዳሩን ተከትሎ ደልዳላ የእግር መንገድ አለው፤ ፈረሶች በገመድ ጀልባ የሚጎትቱበት ነበር። ዛሬ ፈረሱም ጭነቱም ቀርቶ ሰዎች በእግርና በብስክሌት ይንሸራሸሩበታል። ዳገት የለው፣ ረግረግ የለው፤ ቪዲዮውን ሳይ ቀናሁ። እዚያ ፈረስ የሚሄደው ጭነት ለመሳብ ነው። ወደ ግሽ ሲሄድ የነበረው የፋሲል ፈረስ ግን የጎተተው ነገር የለም።

ብሩስ ሚያዝያ 1794 ቤቱ እንግዶች ነበሩት። አንዲትን አሮጊት እመቤት ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ በገዛ ደረጃው ላይ አዳልጦት ወደቀ። በማግሥቱ ጠዋት ሞተ። 63 ዓመቱ ነበር።

ኢትዮጵያ ሳለ ተቅማጥ ሊገድለው ሲል ያዳነው አንድ የአገራችን ቁጥቋጦ ነበር። ሳይንቲስቶች ለክብሩ ብሩሲያ የሚል ስም ሰጥተውታል። በመጽሐፉ ካሉት የዕፅዋት ሥዕሎች አብዛኞቹ የባሉጋኒ እጅ ናቸው። ቁጥቋጦው አሁንም በደጋው ይበቅላል፤ ሰው የሚያውቀው ዋጊኖስ ወይም አባሎ ብሎ ነው።